ፒሲአር ላይ «ባንድ ካልወጣስ?» ሲሉሽ

ሰላም እህቴ፣

ከአራት ኪሎ በባዮሎጂ ተመርቀሽ ለሞለኪውላር ላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ሁለት ጊዜ ቃለ መጠይቅ እንደቀረብሽ፣ «ፒሲአር ሠርተሽ ጄሉ ላይ ባንድ ባይወጣ ምን ታደርጊያለሽ?» ሲሉሽ መልስ እንዳጣሽ ጽፈሽልኛል። ፒሲአር ዲኤንኤን የማባዣ ዘዴ ነው፤ ባንድ ደግሞ የተባዛው ዲኤንኤ ጄሉ ላይ የሚታይበት መስመር። ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር ወይ ላልሽው፣ ለዚህ ብለሽ አትጀምሪ። የጎደለሽ የተማርሽውን ከሥራው ጋር ማገናኘት ብቻ ነው።

ከዲኤንኤ ፊደላት ኤ ከቲ ጋር በሁለት፣ ጂ ከሲ ጋር በሦስት የሃይድሮጅን ቦንድ እንደሚያያዙ ታውቂያለሽ። ፒሲአር የሚሠራው በዚሁ ነው። በ95 ዲግሪ ሁለቱ ገመዶች ይለያያሉ፤ ከ50 እስከ 65 ባለው ሙቀት ፕራይመሩ፣ ማለትም ማባዛቱ የሚጀምርበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ቦታውን ይይዛል፤ በ72 ታቅ ፖሊመሬዝ የተባለው ኢንዛይም አዲሱን ገመድ ይሠራል፣ ለ1000 ፊደል 1 ደቂቃ ያህል እየፈጀ። ፕራይመሩ የሚላቀቅበትን ሙቀት ለመገመት ለእያንዳንዱ ኤ እና ቲ 2፣ ለእያንዳንዱ ጂ እና ሲ 4 ደምሪ። 10 ኤ እና ቲ፣ 10 ጂ እና ሲ ካለው 60 ይመጣል፤ ፕራይመሩ እንዲይዝ 5 ቀንሰሽ ከ55 ጀምሪ። ይህን ወረቀት ላይ ስትሠሪ ካዩሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል።

ባንድ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ፣ ባንድ እንደሚሰጥ አስቀድሞ የሚታወቀው ናሙና፣ ነው። እሱም ከሌለ ችግሩ ውህዱ ወይም ማሽኑ ላይ ነው፤ ማግኒዥየም ተረስቶ ሊሆን ይችላል፣ ኢንዛይሙ ያለ እሱ አይሠራም። ኮንትሮሉ ወጥቶ ናሙናው ከቀረ ናሙናውን መርምሪ። ደሙ የተቀዳው አረንጓዴ ክዳን ባለው ቱቦ ከሆነ ውስጡ ያለው የደም መርጋት መከላከያ፣ ሄፓሪን፣ ኢንዛይሙን ያግዳል። ለዚህ ሥራ ሐምራዊ ክዳን ያለው፣ ኢዲቲኤ የተባለውን ሌላ መከላከያ የያዘው ይመረጣል።

ከዚህ የከፋው ግን ውሃ ብቻ የተጨመረበት ቱቦ ባንድ ሲያሳይ ነው። ብክለት አለ ማለት ነው። የዚያ ቀን ውጤት አንዱም አይወጣም፤ በስተጀርባው ታካሚ አለና። ውሃውን፣ ፕራይመሩንና በፈሩን (የጨው መፍትሔውን) በአዲስ ተክተሽ ትደግሚያለሽ። ውህድ የሚዘጋጅበትና የተባዛው ዲኤንኤ የሚከፈትበት ክፍል የሚለየውም ለዚህ ነው። ይህን ሳይጠይቁሽ ብትናገሪ እወዳለሁ።

ስሌትም ይሰጡሻል። የ10 ማይክሮሞላር ፕራይመር አለሽ፣ በ25 ማይክሮሊትር ውስጥ 0.4 ማይክሮሞላር እንዲሆን ከተፈለገ 1 ማይክሮሊትር ትጨምሪያለሽ። ለ10 ናሙና ውህድ ስታዘጋጂ የ11 አድርጊው፣ የፒፔቱ ጫፍ ላይ የሚቀር አለና።

እጅሽን ለማለማመድ የተማርሽበት ክፍል የላብ ረዳቶችን ጠይቂ፤ ፒፔት፣ ውሃና ሚዛን ይበቃሻል። 100 ማይክሮሊትር ውሃ 0.1 ግራም መምዘን አለበት። ከበለጠ ስትስቢ እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ ተጭነሽ ነው፤ መሳቢያው የመጀመሪያው ነው፣ ሁለተኛው ለማስወጫ ብቻ።

ሲቪሽ ላይ «ፒሲአር እችላለሁ» የሚለውን አውጪና በእጅሽ የሠራሽውን ጻፊ፦ ከምን ናሙና፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ወጣ። ያየሽውን ብቻ «አይቻለሁ» በይ። አስተካክለሽ ከቃለ መጠይቁ በፊት ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።