መልስ፦ የጋራዥ ብረት ቁምሳጥን በር አልገጥም ሲል
ሁለቱ በሮች ከላይ እኩል አልገጥም አሉኝ ላልከው፣ ማጠፊያውን ለጊዜው ተወው። ችግሩ ከወለሉ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ አሜሪካ የጋራዥ ወለል ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ወደ መኪና መግቢያው በር ትንሽ ያዘነብላል፣ ቁምሳጥኑም አብሮ ይጣመማል። ብሎኖቹን በሙሉ ላላ አድርግና ጀርባውን ከጥግ እስከ ጥግ በመስቀለኛ ለካ፣ ሁለቱ ልኮች እኩል እስኪመጡ ገፋ ገፋ አድርገው፣ ከዚያ አጥብቅ። ዝቅ ባለው እግር ስር የፕላስቲክ ሽብልቅ አስገባ፣ ካርቶን ግን እንዳታደርግ፣ እርጥበት ይጨርሰዋል። ጓንት አድርግ፣ የላሜራው ጠርዝ ምላጭ ነው! ልጆች ካሉህ ደግሞ ዛሬውኑ ከግድግዳው ጋር እሰረው፤ የግድግዳውን ልባስ ጂፕሰም ብቻ በስተህ እንዳትተወው፣ ከኋላው ያለውን እንጨት ፈልግ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየ16 ኢንቹ ነው። ከባድ ከባዱ፣ የቀለም ጣሳ ምናምን፣ ታች ይቀመጥ።