«በአንድ ድምፅ» ስንት ድምፅ ነው?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጅማ ከሚያስተምሩ አንድ የዜግነት ትምህርት መምህር ነው። ተማሪዎቻቸው ለክርክር ክበባቸው አንድ የፈጠራ ፌዴሬሽን መሥርተዋል። ሰባት ክልል አለው። እያንዳንዱ ክልል ሦስት ሦስት እንደራሴ ስለሚልክ ምክር ቤቱ 21 ወንበር ሆኗል። አፈ ጉባኤ አለ፣ ቋሚ ኮሚቴዎች አሉ፣ ጸሐፊም አለ። የሌለው የአገሩ ስም ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ገና እየተጨቃጨቁ ነው አሉኝ። ታዲያ ባለፈው ሳምንት የበጀት ሕግ ለድምፅ ቀረበና 11 ለ10 አለፈ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ «ሕጉ በአንድ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ጻፈ። አሥሩ ተቃዋሚዎች «እኛ የት ሄድን?» ብለው ተነሡበት። መምህሩ ማን ልክ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። አክለውም «ድምፀ ተዐቅቦ» የሚሰጥ ነው ወይስ የሚደረግ ይላሉ።

ጸሐፊው ተሳስቷል። ስሕተቱ ግን የሚናቅ አይደለም።

«በአንድ ድምፅ» ማለት ሁሉም እንደ አንድ ሰው ሆነው ማለት ነው። ዘጸአት 24፥3 ላይ ሕዝቡ ለሙሴ በአንድ ድምፅ ሲመልስ አንድ ሰው በለጠ ማለት አይደለም። እዚያ «በ» የምትነግረን አኳኋንን ነው። እንዴት መለሱ? አንድ ሆነው። የጸሐፊው «በ» ግን ልዩነት ትለካለች። ከየት እንዳመጣት አይጠፋኝም፤ ከኳስ ሜዳ ነው። «በአንድ ጎል አሸነፍን» እንላለን። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣበት ከተማ ልጅ በጎል ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጎል የሚቆጠር እንጂ የሚስማማ ነገር አይደለም። ድምፅ ሁለቱንም ነው፤ ይቆጠራልም፣ አንድም ይሆናል። ለዚህ ነው አንዱ ሐረግ ሁለት ተቃራኒ ነገር የወለደው።

እንግዲህ 11 ለ10 ከሆነ «በአንድ ድምፅ ብልጫ» ይባል። «ብልጫ»ን መዋጥ አይቻልም።

ይህን ስል ቡና ላይ የሚሟገተኝ አንድ ወዳጄ አለ። «በሙሉ ድምፅ የሚባል እያለ በአንድ ድምፅ ለምን ያስፈልገናል? እሱን ጣለውና ጠቡ ይቅር» ይላል። እኔ «ሙሉ»ን አልወደውም። የባልዲ ቃል ነው። 21 ሰው አንድ ሲሆን የሚሰማውን ነገር ባልዲ አይነግረኝም። ጋዜጣውና ዜናው ግን «በሙሉ ድምፅ» ካሉ ቆይተዋል፤ ለማሳሳትም አይመችም። ለልጆቹ ቃለ ጉባኤ እሱን ቢመርጡ፣ ደስ ሳይለኝ እፈቅዳለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ምክር ቤት ውስጥ ድምፅ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ሰው እጁን ያወጣል፣ እጅ ይቆጠራል፣ «ድምፅ ተቆጠረ» ይባላል። አፋን ኦሮሞም «ሰገሌ» ሲል የጉሮሮውንም የምርጫውንም ድምፅ ማለቱ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያስቀናኝ «ጨፌ» ነው። የኦሮሚያ ምክር ቤት ስሙን ያገኘው ሰዎች ለመምከር ከሚቀመጡበት እርጥብ ለምለም መስክ ነው። የእኛ «ጉባኤ» ከግእዙ መሰብሰብ ነው የመጣው፤ ሰዎቹን እንጂ ሣሩን አያሳይም።

ወደ ተዐቅቦ ልምጣ። ሥሩ ግእዝ «ዐቀበ» ነው፤ ጠበቀ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግ ሕግ ጠባቂ ነው። ማዕቀብም ዘመዱ ነው። በየገበሬው ማሳ እርከን ሲሠራ የምንሰማው የአፈርና ውሃ ዕቀባም እሱው ነው። የሰፈራችንን ዕቁብም ብዙዎች ከዚሁ ያመጡታል፤ የተጠበቀ ገንዘብ አይደል? ወደ ጅሬን ቤተ መንግሥት ስንወጣ የሚያስተነፍሰን አቀበት ግን፣ በፊደል ቢመሳሰልም፣ የሌላ ሰው ልጅ ነው። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ ይሁን።

ስለዚህ ድምፀ ተዐቅቦ ያደረገ ሰው ድምፁን ጠብቆ ኪሱ አስቀምጧል። «ድምፀ ተዐቅቦ ሰጠ» ስንል ኪሱ ያስቀመጠውን ሰጠ እያልን ነው። «ዝምታን ተናገረ» እንደ ማለት ነው። ተዐቅቦም እንደ ድጋፍና ተቃውሞ አንድ የድምፅ ዓይነት ነው፣ ስለዚህ ይሰጣል የሚሉ አሉ። ለእነሱ አንድ ሒሳብ አለኝ።

የልጆቹ ምክር ቤት 21ዱም ተገኝተው 9 ደገፉ፣ 8 ተቃወሙ፣ 4 ታቀቡ እንበል። ደንባቸው «ድምፅ ከሰጡት አብላጫው» የሚል ከሆነ 9 ከ17 ነውና ሕጉ አልፏል። አሁን ጸሐፊው «አራቱ ድምፀ ተዐቅቦ ሰጡ» ብሎ ይጻፍ። አንድ ነገረኛ ተነሥቶ «እነሱም ድምፅ ሰጥተዋል ተብሎ ተጽፏል፤ 9 ከ21 አብላጫ አይደለም» ይላል። በአንዲት ግሥ በጀት ወደቀ! እኔ ብሆን «ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ» ብዬ እጽፋለሁ። ወይም ዜና አንባቢዎች እንደሚያደርጉት ግሡን መሸሽ ነው፦ «በ8 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተዐቅቦ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ»።

መምህሩ በደብዳቤያቸው «ምልዓተ ጉባዔ» ብለው ጽፈዋል። «ምልአት» ከ«መልአ» ነው፣ አልፋው አ እንጂ ዓይኑ ዐ አይደለም፤ «ጉባኤ»ም እንዲሁ። ስብሰባ ለመጀመር የሚበቃውን የአባላት መጠን በደንባቸው ይወስኑት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከግማሽ በላይ አባላት፣ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ሲገኙ ነው የሚሞላው። ለ21 ወንበር በመጀመሪያው 11፣ በሁለተኛው 14 ሰው ይሆናል።

«ሰጠ» ግን ሳያሸንፈኝ አልቀረም። ባለፈው ወር የእድራችን ስብሰባ ላይ የመዋጮ ጭማሪ ለድምፅ ቀረበ። እጄን በድጋፉም በተቃውሞውም አላወጣሁም። ዳኛው «እርስዎስ ጋሼ?» አሉኝ። «እኔ ድምፀ ተዐቅቦ ሰጥቻለሁ» ብዬ ቁጭ አልኩ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ልጅ እንዳልኩት ጻፈው።