ለጓሮ ባቡር የእንጨት ፉርጎ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

በጓሮ በተዘረጋ ትንሽ ሐዲድ ላይ ለሚሄድ የሞዴል ባቡር የመንገደኛ ፉርጎ ከእንጨት እየቆረጥኩ መሥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ የሐዲዴ ስፋት (በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት) 45 ሚሊሜትር ነው። በየትኛው ስኬል (ከእውነተኛው ስንት ጊዜ አሳንሼ) ልሥራ?

መልስ፦ ሞዴሉ የሚመስለው እውነተኛ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ይወስነዋል። ስፋቱ 1 ሜትር ከሆነ 1:22.5፣ 1435 ሚሊሜትር ከሆነ 1:32 ነው። ከዚያ በኋላ የእውነተኛውን መጠን ለስኬሉ ቁጥር ማካፈል ብቻ ነው። የ12 ሜትር ፉርጎ በ1:22.5 ሲሠራ 53 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል።

ጥያቄ፦ መታጠፊያዬ 1.2 ሜትር ራዲየስ ነው። አይረዝምበትም?

መልስ፦ መታጠፊያ ላይ የፉርጎው ወገብ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ወገቡ ምን ያህል እንደሚገባ ለማወቅ፣ በሁለቱ ቦጊዎች (ፉርጎው የሚቀመጥባቸው፣ ጎማዎቹን የያዙ ዟሪ ጋሪዎች) ማዞሪያ መካከል ያለውን ርቀት በራሱ አባዝተህ ለራዲየሱ ስምንት እጥፍ አካፍለው። ርቀቱ 400 ሚሊሜትር ቢሆን 17 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። እኔ ግን ሁልጊዜ ወለሉን መጀመሪያ ከካርቶን እቆርጥና ቦጊዎቹ ላይ አስቀምጬ በእጄ እገፋዋለሁ። የሚነካው ነገር ካለ እንጨት ሳይባክን ይታያል።

ጥያቄ፦ በኮምፔርሳቶ የሠራሁት ግድግዳ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይቆለመማል። ቀለም ቀብቼዋለሁ እኮ!

መልስ፦ የቀባኸው ከውጭ ብቻ ይመስለኛል። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ወደ ጎን ያብጣል እንጂ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም። የኮምፔርሳቶ ንብርብሮች ተሻግረው ስለተጣበቁ አንዱ ሌላውን ይይዛል። አንዱ ገጽ ታሽጎ ሌላው ራቁቱን ከቀረ ግን አንዱ እያበጠ ሌላው ባለበት ስለሚቆይ መቆልመሙ አይቀርም። ስለዚህ ውስጡንም ውጩንም እኩል ቀባ። ከሁሉ በላይ አደራ የምለው የተቆረጠውን ጠርዝ ነው፤ የመስኮቶቹን ቀዳዳ ጭምር። ውሃ በብዛት የሚገባው በዚያ ነው፣ እኔም የመጀመሪያ ፉርጎዬን ያጣሁት በመስኮቶቹ ሥር ነበር። ተራው ነጭ ኮላ ውሃ ሲነካው ስለሚለሰልስ፣ ውሃ የሚችለውን ዓይነት ተጠቀም።

ጥያቄ፦ የሳንቃ መልክ እንዴት ልስጠው?

መልስ፦ 1.5 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ላይ ማስመሪያ አስደግፈህ ጫፉ በደነዘ ብረት ጫረው። የተሳለ ቢላ ላዩን ይሰነጥቀዋል።

ጥያቄ፦ የመስኮቱን ፕላስቲክ በሱፐር ግሉ ሳጣብቅ ነጭ ጉም ለበሰብኝ።

መልስ፦ የሱፐር ግሉው ትነት ነው። ጣሪያው እንዲነሳ አድርገህ ሥራ፤ ፕላስቲኩን ከቀለሙ በኋላ አስገብተህ ከውስጥ በቀጫጭን እንጨት ያዘው። ሲቧጨርም በቀላሉ ትቀይረዋለህ።

ጥያቄ፦ ፉርጎዬ ቀጥ ባለ ቦታ ላይ እንኳ ከሐዲዱ ይወጣል።

መልስ፦ የጓሮ ሐዲድ ፍጹም ደልዳላ አይሆንም። ሁለቱም ቦጊዎች ለመታጠፍ በነፃነት ይዙሩ፤ ነገር ግን አንደኛው በሁሉም አቅጣጫ ይወዛወዝ፣ ሌላኛው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ። ያን ጊዜ ፉርጎው እንደ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይቀመጣል፣ ስምንቱም ጎማዎች ሐዲዱን አይለቁም። ጎማዎቹን የብረት ካደረግካቸው ክብደቱ ወደ ታች ስለሚወርድ ይበልጥ ይረጋል።