«እንግዲህ አርጅቻለሁ» ስለሚሉ ወላጆች የቀረቡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከጅማ አንባቢያን ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አራቱ የአረጋውያንን ጠባይና ስሜት የሚመለከቱ በመሆናቸው በአንድነት ላስተናግዳቸው ወደድሁ።

ጥያቄ፦ የ68 ዓመቱ አባቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ «እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ» እያሉ ከሄርማታው ቤታችን አይወጡም፤ በዕድሜ የሚበልጧቸው ጎረቤታችን ግን በየጠዋቱ የአዌቱን ወንዝ ተከትለው ይራመዳሉ። ልዩነቱ የጤና ነው ወይስ የአመለካከት?

መልስ፦ ሁለቱም አሉበት፤ የአመለካከቱ ድርሻ ግን ብዙዎቻችን ከምንገምተው ይበልጣል። የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ቤካ ሌቪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የሚኖሩ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 660 ሰዎች ስለ ገዛ እርጅናቸው የነበራቸውን አመለካከት ከኖሩት ዕድሜ ጋር ሲያስተያዩ፣ እርጅናን በበጎ ዓይን ያዩ የነበሩት በአማካይ 7.5 ዓመት ያህል አብልጠው መኖራቸውን አገኙ፤ የጤናና የኑሮ ልዩነት ከግምት ገብቶም ውጤቱ አልጠፋም። ይህ ማለት ሐሳብ ብቻውን ዕድሜ ያስረዝማል ማለት አይደለም። የጉልበት ሕመማቸውን «የዕድሜ ነው» ያሉ አባት ሐኪም ዘንድ አይሄዱም፣ መራመድ ይተዋሉ፣ ጡንቻቸው ይሟሽሻል፤ ኋላም ከበርጩማቸው እያቃሰቱ ሲነሡ «አላልኋችሁም?» ይላሉ።

ጥያቄ፦ እናቴን ከገጠር አምጥተን ምንም ሥራ እንዳይነኩ አድርገናል፤ እርሳቸው ግን ከቀን ወደ ቀን ይከፋቸዋል። ምን አጎደልንባቸው?

መልስ፦ ሥራውን ራሱን። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ለአንደኛው ወገን የየራሱን ጉዳይ እንዲወስንና የተሰጠውን ተክል ራሱ እንዲንከባከብ ሲነገረው፣ የሌላውን ወገን ተክል ነርሶች ያጠጡ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ነቃ ያሉና ደስተኞች ሆነው ተገኙ። እኔም በገዛ ቤቴ ለእንክብካቤ ብዬ ይህንኑ ስሕተት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ጀበናውን ይመልሱላቸው። ቡናው መቼ ከምጣድ መውጣት እንዳለበት በመዓዛው የሚያውቁ እናት በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሊሆኑ አይገባም፤ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ስኒውን በግማሽ ይቅዱ።

ጥያቄ፦ ቁጡ ሰው ሲያረጅ ይብስበታል የሚባለው እውነት ነውን?

መልስ፦ በአብዛኛው አይደለም፤ ሰዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ሰው በዕድሜ ሲገፋ እየረጋ እንደሚሄድ ያሳያሉ። ታጋሽ የነበሩ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ተጠራጣሪና ነጭናጫ ከሆኑ ግን ጠባይ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ የድብርት ወይም የመርሳት በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ለሐኪም ያሳዩአቸው።

ጥያቄ፦ አያቴን «በጎ በጎውን ያስቡ» ስንላቸው ይቆጣሉ። ምን ብንላቸው ይሻላል?

መልስ፦ ቁጣቸው ተገቢ ይመስለኛል፤ የሚታመመውን ሰው ስለ አስተሳሰቡ መውቀስ ሌላ ሕመም መጨመር ነው። ከምክሩ በፊት ለመሆኑ ዓይናቸውን አስመርምራችኋልን? የሞራ ግርዶሽ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ሲሆን፣ የደጃፉን መንገደኛ ለይተው በስሙ መጥራት ሲጀምሩ ስለ በጎ ማሰብ የሚነግራቸው ላያስፈልግ ይችላል።