መልስ፦ አጋጁ ክፍል እንቅስቃሴን እንዴት ያስጀምራል?

ወንድሜ፣ «የቤዛል ጋንግሊያ (እንቅስቃሴን የሚቆጣጠሩ፣ በአንጎል ውስጥ ያሉ የሕዋስ ክምችቶች) መውጫ አጋጅ ከሆነ አይጧ እንዴት ትራመዳለች?» ብለሃል። ባሕር ዳር ስላለህ የጨራጨራን ግድብ አስበው። በሩ ሲከፈት ውኃውን የሚገፋው በሩ አይደለም፤ የጣና ውኃ በራሱ ግፊት ወደ ዓባይ ይወርዳል።

ከቤዛል ጋንግሊያ መውጫዎች አንዱ የሆነው የሰብስታንሺያ ናይግራ ሬቲኩላታ ሕዋሳትም እንደ በሩ ናቸው። አይጧ ዝም ብላ ብትቀመጥ እንኳ ያለማቋረጥ ምልክት ይልካሉ፤ በጋባ (ሌሎች ሕዋሳትን ዝም በሚያሰኝ የአንጎል ኬሚካል) አማካይነት መካከለኛውን አንጎል ይዘው ያቆዩታል። ከስትራያተም (ከቤዛል ጋንግሊያ መግቢያ) የሚመጣው ቀጥተኛ መንገድ ዝም ሲያሰኛቸው ሱፐሪየር ኮሊኩለስ (ዓይንንና ጭንቅላትን የሚያዞር የመካከለኛው አንጎል ክፍል) ይለቀቅና ጭንቅላቷን ታዞራለች፤ የመራመጃው አካባቢ ሲለቀቅ ደግሞ እግሯ ይነሳል። ተመራማሪዎቹ ሂኮሳካና ዉርትዝ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህንኑ በጦጣ ዓይን እንቅስቃሴ ላይ አሳይተዋል።

ግራ የሚያጋባው፣ እኔንም ብዙ ያስቸገረኝ፣ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ከዚህ መውጫ የሚነሳው ቀስት ወደ ታላመስ (ምልክትን ወደ አንጎል ቅርፊት ወደሚያስተላልፈው ክፍል) ብቻ መሳሉ ነው። ነገር ግን አንዱ አክሶን (ምልክት የሚያደርሰው የሕዋሱ ረጅም ክር) ቅርንጫፍ አውጥቶ ታላመስንም መካከለኛውን አንጎልም ሊደርስ ይችላል።