ብልጣሶር የናቡከደነፆር ልጅ ነው ወይስ አይደለም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 ናቡከደነፆርን የብልጣሶር አባት ይለዋል። ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «በታሪክ አባቱ ናቦኒደስ የሚባል ሌላ ንጉሥ ነው፤ መጽሐፋችሁ ተሳስቷል» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነት ለመናገር እኔም ውስጤ ተረበሸ። ምን ልበለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለ ናቦኒደስ የነገረሽ ልክ ነው። ይህን ለመቀበል አትፍሪ። ብዙ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ወይ «የጠላት ወሬ ነው» ብለው ጆሯቸውን ይደፍናሉ፣ ወይ ባንድ ሌሊት እምነታቸው ይናዳል። ሁለቱም አንድ ፍርሃት ነው ያለባቸው። ከከለዳውያን ምድር የሚቆፈረው ሸክላ ቃሉን የሚያፈርስ ይመስላቸዋል። እስቲ የተቆፈረውን አብረን እንየው።

ናቡከደነፆርን ከታኅሣሥ ገብርኤል ስብከት ታውቂዋለሽ፣ በእሳቱ። የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ562 ነው። ልጁ ዮርማሮዴክ ሁለት ዓመት ያህል ገዝቶ ተገደለ። ቀጥሎ ኔሪግሊሳር ነገሠ፤ የእሱም ልጅ ወራት ሳይቆይ ወረደ። በ556 ዙፋኑን የያዘው ናቦኒደስ ነው። እሱ ደግሞ ባቢሎንን ትቶ ዐረብ ምድር ወደ ቴማ ሄደና ዐሥር ዓመት ያህል እዚያው ከረመ። ከተማዋን የተወው ለበኩር ልጁ ለብልጣሶር ነበር።

የግሪክ ታሪክ ጸሐፊዎች ብልጣሶርን በስሙ አያነሡትም። ስለዚህ ዳንኤል የፈጠረው ሰው ነው የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን በጥንታዊቷ የከለዳውያን ከተማ በዑር ትንሽ የሸክላ ጥቅል ተገኘ። በላዩ የተቀረጸው የናቦኒደስ ጸሎት ነው፤ አባት ስለ በኩር ልጁ ስለ ብልጣሶር ሲለምን። አሁን ዳንኤል 5፥16ን እይው። ብልጣሶር ለዳንኤል ቃል የገባለት በመንግሥቱ ሦስተኛ ገዥ መሆንን ነው። ለምን ሁለተኛ አላደረገውም? አባቱ አንደኛ፣ እሱ ራሱ ሁለተኛ ስለሆነ ነዋ!

(በእኛ መጽሐፍ ዳንኤልም ብልጣሶር ተብሏል። አትደናገሪ፣ በአራማይስጡ ስሞቹ ይለያያሉ።)

«ልጅ» የሚለውስ? በዚያ ዘመን በዙፋን የተተካ ሰው በሥጋ ባይወለድም ልጅ ሊባል ይችል ነበር። የአሦር ንጉሥ ስልምናሶር ባቆመው ጥቁር ድንጋይ ላይ የእስራኤል ንጉሥ ኢዩ ከእሱ በፊት በነገሠው በዘንበሪ ስም «የዘንበሪ ልጅ» ተብሏል። ኢዩ የዘንበሪን ቤት ጠራርጎ ያጠፋ ሰው ነው! በሥጋማ ምኑም አይደለም።

ለባልደረባሽ ይህ ይበቃዋል። ላንቺ ግን አይበቃም።

ምዕራፍ 5 በሚተርከው የግብዣ ሌሊት ብልጣሶር ምን እንዳደረገ አስቢ። ከኢየሩሳሌም መቅደስ የተዘረፉትን የወርቅና የብር ዕቃዎች አስመጣ። ንዋየ ቅድሳት ናቸው። ወይን ቀድቶባቸው ከሚስቶቹና ከመኳንንቱ ጋር ጠጣ። ዳንኤል ፊቱ ቆሞ ናቡከደነፆር በትዕቢቱ እንዴት ሣር እስከ መብላት እንደ ደረሰ ተረከለት። ከዚያ «አንተ ልጁ» አለው። ይህን ሁሉ እያወቅህ ልብህን አላዋረድህም። «ልጁ» የምትለው ቃል የገባችው ለክስ ነው። ዙፋኑን ስትወርስ ታሪኩንም ወርሰሃል፣ አላውቅም ልትል አትችልም ማለት ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አንቺም እኔም ይህን ታሪክ በእናታችን ጀርባ ላይ ሆነን የሰማን ነን። ከቤተ ክርስቲያን ለመጣ ሰው መቅለልም፣ ስእለት ረስቶ መሳቅም፣ የተቀደሰውን እንደ ተራ ዕቃ መያዝም ያው የብልጣሶር ጽዋ ነው። ሳናውቅ የምናደርገው ቢሆን ይሻል ነበር። እያወቅን ነው።

በዚያው ሌሊት ብልጣሶር ተገደለ። የፋርስ ንጉሥ ቂሮስም በ539 ባቢሎንን ያዘ።

መልስ በማጣትሽ ኀፍረት አይሰማሽ፤ «ጠይቄ ልንገርህ» ማለት ነውር አይደለም። ነገ ስለ ናቦኒደስ ልክ ነህ በይው፤ ጥቅሉንና ጥቁሩን ድንጋይ ንገሪው። ከፈቀደ ከቁጥር 18 እስከ 23 ያለውን አብራችሁ አንብቡ። ካልፈቀደም ማታ ብቻሽን አንብቢው፣ ቀስ ብለሽ፣ ቁጥር 22 ላይ ስትደርሺ ቆም ብለሽ።