ወይራችሁ የቀጠነችው ውሃ አንሷት አይደለም

በየዓመቱ ቀኑ ማጠር ሲጀምር አንድ ዓይነት ፎቶ ይላክልኛል። ሳሎን ጥግ የተቀመጠች የወይራ ችግኝ። ቁመቷ ተመዟል፣ ግንዷ ቀጥኗል፣ ቅጠሎቿ ተራርቀዋል፣ መላ አካሏ ወደ መስኮቱ አጋድሏል። አብሮት የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው፦ «ውሃ ጨመርኩላት፣ ማዳበሪያም ሰጠኋት፣ ምንም ለውጥ የለም፤ ምን ላድርግላት?»

ወገኖቼ፣ ምንም አትጨምሩላት። ብርሃኗን አስተካክሉላት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ስናድግ ስለ ብርሃን ማሰብ አልለመድንም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ከምድር ወገብ ርቃችሁ 50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የምትኖሩ ግን በዊንተር መሃል የምታገኙት የቀን ብርሃን 8 ሰዓት ገደማ ነው። 60 ዲግሪ ላይ ያላችሁ ደግሞ 6 ሰዓት እንኳን በቅጡ አይሞላላችሁም፤ እሷም ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ ብዙም ቀና አትልም። ወይራ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቅጠሏን አታራግፍም፣ ፀሐይ ትፈልጋለች። (በነገራችን ላይ፣ አገር ቤት ወይራ የምንለው ዛፍና ፍሬዋ የሚበላው ወይራ አንድ ዝርያ ናቸው፤ የሚለያዩት በንዑስ ዝርያ ነው። ስለ ብርሃን የምለው ለሁለቱም ይሠራል።)

አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ብርሃኑ መጠን ነው። መጠኑ ትልቅ ነገር ነው፣ እመጣበታለሁ። ብዙዎች የማያውቁት ግን ብርሃኑ ውስጥ ያለው ቀለም ችግኟን እንዴት እንደሚያዛት ነው። እኔም የገባኝ ሁለት ችግኞች ጎን ለጎን አይቼ ነው። ሁለቱም እኩያ ነበሩ፣ አንድ መስኮት ላይ ነበር ያስቀመጥኳቸው። አንዷ መስታወቱ ሥር፣ ሌላዋ ቅጠለ ሰፊ ከሆነ ትልቅ የቤት ተክል ጀርባ። «ብርሃኑ በቅጠሎቹ መሃል እያለፈ ይደርሳታል» ብዬ ነበር ያሰብኩት። ከሁለት ወር በኋላ ማስመሪያ ይዤ ለካሁ። መስታወቱ ሥር ያለችው ላይ ከአንዱ አንጓ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ከአንድ ጣት ስፋት ብዙም አይበልጥም፣ ግንዷም ጠንካራ። ከጀርባ ያለችው ከእጥፍ በላይ ተለጥጣለች፤ ጫፏን በጣቴ ነካ ሳደርጋት መላ ግንዷ ተወዛወዘ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? አረንጓዴ ቅጠል ከሚያርፍበት ብርሃን ቀዩንና ሰማያዊውን ለራሱ ይወስዳል፣ «ሩቅ ቀይ» የሚባለውን ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ይሄ ዓይናችን ጨርሶ የማያየው ለማለት የሚያስደፍር፣ የሞገድ ርዝመቱ 730 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ብርሃን ነው። ተክል ውስጥ ደግሞ ፋይቶክሮም የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሥራው 660 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ቀይ ከሩቅ ቀዩ ጋር ማመዛዘን ነው። ሜዳ ላይ፣ ገላጣ ፀሐይ ውስጥ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፣ ቀዩ ትንሽ ይበልጣል። በሌላ ተክል ጥላ ሥር ግን ሩቅ ቀዩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ችግኟ ይህን ስታነብ የምትረዳው «ጎረቤት ሊሸፍነኝ ነው» ብላ ነው። ያላትን ሁሉ ወደ ቁመት ታፈሳለች። ሥሩም፣ የግንዱ ውፍረትም፣ የጎን ቅርንጫፉም ይጎድልባታል።

ይህ እንደ መቀያየሪያ የሚሠራ ነገር መሆኑ መጀመሪያ በግልጽ የታየው በሰላጣ ዘር ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤልትስቪል በሚገኘው የመንግሥት የግብርና ምርምር ማዕከል እነ ቦርትዊክና ሄንድሪክስ እ.ኤ.አ. በ1952 ዘሩን ቀይ ብርሃን ሲያሳዩት በቀለ፣ ወዲያው ሩቅ ቀይ ሲያስከትሉበት ተወው። ደጋግመው ቢያፈራርቁትም ወሳኙ መጨረሻ ላይ ያረፈው ቀለም ነበር። ይህን ሳነብ ከትልቁ ተክል ጀርባ ያስቀመጥኳት ችግኝ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።

ሰማያዊው ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። ግንዱን ይገታዋል፣ ከልክ በላይ እንዳይመዘዝ። ቅጠሉ አየር የሚያስገባባቸውን ቀዳዳዎች ያስከፍታል። ተክሏ ወደ መስኮቱ የምታጋድለውም ሰማያዊውን ተከትላ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ተክል ባይኖርም እንኳ፣ ማታ ማታ የምናበራው ቢጫ አምፖል፣ 2,700 ኬልቪን የሚል የተጻፈበት ማለቴ ነው (ኬልቪን የብርሃኑን ቀለም ይነግራል፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ቢጫ፣ ከፍ ሲል ነጭና ሰማያዊ ይሆናል)፣ ሰማያዊው ትንሽ ስለሆነ ብቻውን ችግኟን አያሳድግም። ሳሎኑን ያሞቀዋል፣ ዓይን ደስ ይለዋል፣ ወይራዋ ግን ትመዘዛለች።

ዓይናችንን አትመኑ። እኩለ ቀን ላይ ገላጣ ፀሐይ 100,000 ሉክስ (የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፣ ማታ ሳሎናችን ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ነው። ዓይናችን ግን ራሱን ስለሚያስተካክል ሁለቱም «ብሩህ» ናቸው ይለናል። የአምፖሉ ካርቶን ላይ የተጻፈው ሉመንም ለሰው ዓይን የተሠራ መለኪያ ነው፣ ለቅጠል አይደለም። ለቅጠል የሚሆነው መለኪያ በየሰከንዱ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በማይክሮሞል የሚቆጥረው ነው (ሞል የብርሃን ቅንጣቶች መቁጠሪያ ነው፤ ሚሊዮን ማይክሮሞል አንድ ሞል ይሆናል)፤ የተክል መብራት ስትገዙ ይህ ቁጥር ከስንት ርቀት ላይ እንደተለካ ጭምር ያልጻፈ ከሆነ እለፉት።

የቱን መብራት እንግዛ ለምትሉኝ፦ ነጭ ኤልኢዲ፣ ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቪን ያለውን። ወይንጠጅ መሳዩን፣ ቀይና ሰማያዊ ብቻ ያለውን ተዉት። ተክል አያሳድግም ማለቴ አይደለም፣ ያሳድጋል። ግን ሁለት ነገር ያሳጣችኋል። አንደኛው አረንጓዴው ነው። «ቅጠል አረንጓዴ ብርሃን አይጠቀምም» የሚባለው ልክ አይደለም፤ ማክሪ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ሥራው 22 የሰብል ዓይነቶችን ለክቶ አረንጓዴው በደንብ እንደሚሠራ አሳይቷል፣ እንዲያውም ወደ ቅጠሉ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ሁለተኛው የእናንተው ዓይን ነው። ወይንጠጅ ብርሃን ውስጥ ሁሉም ቅጠል ጥቁር ይመስላል። እኔ አንድ ዊንተር ሙሉ በዚያ መብራት ሳሳድግ ቅጠሉ ሥር የተለጠፉትን ቅርፊት መሳይ ተባዮች አላየኋቸውም። የነቃሁት መትከያው ሥር ያለው ወለል እንደ ስኳር ውሃ ሲጣበቅብኝ ነው። መብራቱን አጥፍቼ መጋረጃውን ስከፍት ግንዱ በቡናማ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ያቺን ችግኝ አላተረፍኳትም።

መብራቱን ቅርብ ስቀሉት። ይሄ ላይ አደራ። አንድ ትንሽ መብራት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ውድ መብራት ከጫፏ አንድ ስንዝር ተኩል ብቻ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ርካሽ መብራት ያነሰ ሊሰጥ ይችላል። ጫፏ ላይ 200 ማይክሮሞል ገደማ ካገኘችና በቀን 14 ሰዓት ከበራላት በቀን ወደ 10 ሞል ይደርሳታል፤ የሰመር ፀሐይ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ግን ዊንተሩን ሳትመዘዝ ለማለፍ ይበቃታል። ታይመር ግጠሙለት፣ ሌሊቱን አጥፉላት። የእጃችሁን ጀርባ ከጫፏ ላይ ለአንድ ደቂቃ አቆዩት፤ ካቃጠላችሁ መብራቱን ከፍ አድርጉት።

መስኮትስ? በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ያላችሁ ወደ ደቡብ የሚያየውን፣ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ወደ ሰሜን የሚያየውን ምረጡ። መስታወቱን ጥረጉት። ከሌሎች ተክሎች ጀርባ አታስቀምጧት። በየሳምንቱ ሩብ ዙር አዙሯት።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ብርሃን ያነሳትን ችግኝ ማሞቂያ አጠገብ ሲያስቀምጧት ነው። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፣ እንዳይበርዳት ተብሎ። ግን ሙቀቱ እደጊ እደጊ ይላታል፣ ብርሃኑ ደግሞ የምታድግበትን ምግብ አይሰጣትም፤ ያጠራቀመችውን ትጨርስና ቅጠሏን ማራገፍ ትጀምራለች። ወይራ ብርድ ትችላለች። መብራት መግዛት ካልቻላችሁ ከ5 እስከ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለበት፣ ብርሃን የሚገባበት ቀዝቃዛ ክፍል ከሞቀው ሳሎን ይሻላታል። እድገቷን ቀነስ አድርጋ ትጠብቃለች። ውሃም ያኔ ቀንሱ። ብርሃን ያነሳት ተክል ትንሽ ነው የምትጠጣው፤ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱት፣ እርጥብ ከሆነ አታጠጧት። ማዳበሪያውንም ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት።

ብርዱ ሲያልፍ ደግሞ ቸኩላችሁ ከቤት አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አታስቀምጧት። ጥላ ውስጥ የወጣ ቅጠል ሰፋ ያለና ስስ ነው፤ ፀሐይ ላይ የወጣው ትንሽ፣ ወፍራም፣ የታችኛው ገጹ ብርማ ነው። ስሱ ቅጠል በአንድ ቀን ወደ ወፍራሙ አይለወጥም። የመስኮቱ መስታወትም ቆዳ የሚያቃጥለውን ዩቪ ቢ የሚባለውን ጨረር ስለሚያስቀረው ቅጠሉ አያውቀውም። በደመናማ ቀን ጀምሩ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ ጨምሩላት፣ ሁለት ሳምንት ስጧት። ያኔ ነው የተመዘዘውንም ጫፍ የምትቆርጡት፤ ከጠንካራ አንጓ በላይ ቁረጡት፣ ወይራ ከተቆረጠው በታች በደንብ ታቆጠቁጣለች። በጨለማው ወራት ግን መቀስ አታስነኳት፣ የሚቀጥለውም ያው ተመዛዥ ነው።

ዛሬ ማታ ማስመሪያ ያዙና የመጨረሻዎቹን ሦስት አንጓዎች ርቀት ለኩ፣ ቁጥሩን መትከያው ላይ ጻፉት። ከስድስት ሳምንት በኋላ አዲስ የወጡትን ለኩ። ከተቀራረቡ መብራቱን እዚያው ተዉት፤ አሁንም ከተራራቁ ግማሽ ስንዝር ዝቅ አድርጉትና እንደገና ጠብቁ።